ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«ድምፅ ነፍስ ነው፤ ነፍስ ደግሞ በቮልት አይለካም» ሲባል እሰማለሁ። ሙዚቀኞች ይሉታል፤ ከእነሱ የተዋሱት የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም ይሉታል። አባባሉ ያምራል፤ ስለሚያምርም የሚመረምረው የለም። እኔ ቀን የጊታር አምፕሊፋየር እየጠገንሁ፣ ማታ መጽሐፍ እያገላበጥሁ የምኖር ሰው ነኝና ከሁለቱም ወገን ነኝ፤ ሙግቴንም ለሁለቱም አቀርባለሁ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት አምፕሊፋየሮች ውስጥ እርጅና ካቆሰላቸው ይልቅ ይህ አባባል ያቆሰላቸው ይበዛሉ።

ሙግቴ ግን በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። በዚህ ወገን «ጆሮዬ ይበቃኛል» የሚለው ጠጋኝ ቆሟል። በዚያ ወገን ደግሞ ክፍሉን በመሣሪያ ሞልቶ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ የአንዷንም ቁልፍ ትርጉም ሳያውቅ የሚቀመጠው አለ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህኛው ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳይጠይቁ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የመፈተሻ መሣሪያ መመረጥ ያለበት በሚመልሰው ጥያቄ ነው። ዋጋውና ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል አላቸው፤ የመጀመሪያውም ስለ ነፍስ ነው፤ ያውም ስለ እውነተኛዋ፣ ስለምትወጣዋ ነፍስ።

ነገሩን ላልለመደው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ነው። ይህን ሹክሹክታ ስፒከር ወደሚያንቀጠቅጥ ጩኸት የሚለውጡት በድሮዎቹና እነሱን ተከትለው ዛሬም በሚሠሩት አምፕሊፋየሮች ውስጥ የመስታወት ቫልቮች ናቸው። ቫልቭ ደግሞ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። 85 ዋት ኃይል ባለው በፌንደር ትዊን ሪቨርብ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ። ይህንን ቮልቴጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ማሽኑ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። እንግዲህ «ጆሮዬ ይበቃኛል» የሚለው ሰው እጁን የሚሰድደው ወደዚህ ሣጥን ነው። በካፓሲተር ውስጥ የተኛ 450 ቮልት ድምፅ የለውም። ጆሮ ሊሰማው አይችልም፤ የሚሰማው ጣት ነው፤ ከጣትም በኋላ ልብ።

የጆሮ ጠበቆች ሁልጊዜ የሚጠሩትን የፌንደርን ስም እኔም ልጥራ። ሊዮ ፌንደር በ1938 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሙዚቀኞችን እየጋበዘ ያስሞክር፣ አስተያየታቸውን ያዳምጥ ነበር፤ እርማቱን የሚሠራው ግን እንደ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕሊፋየር ሲሠሩ መነሻ ያደረጉት የፌንደርን ቤዝማን ንድፍ ነው። ዓለምን ያናወጠው የሮክ ድምፅ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ባሕር የተሻገረው በቁጥር በተሞላ ወረቀት ነው ማለት ነው፤ ይህን ያህል ኦም፣ ይህን ያህል ማይክሮ ፋራድ፣ ይህን ያህል ቮልት። ነፍስ በቁጥር ልትጓዝ ከቻለች፣ በቁጥር ብትመረመር ምን ያሳፍራታል?

የቅኔ ወዳጆች ነገሩን ከእኔ በላይ ይረዱታል ብዬ አስባለሁ። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያገኘ የሚመስለው ሰው መሳቂያ ነው። የታመመ አምፕሊፋየርም እንዲሁ ሰምና ወርቅ አለው። መንተፋተፉ፣ መታፈኑ፣ መጮኹ ሰሙ ነው። ወርቁ ከውስጥ ነው፤ የፈነዳ ሬዚስተር፣ የደረቀ ካፓሲተር፣ የላላ ብየዳ። ጆሮ ሰሙን በሚገባ ይሰማል፤ በዚህ አልከራከረውም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሰም አሥር ዓይነት ወርቅ ሊኖረው ይችላል። ከአሥሩ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ልኬት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጊታሪስት ድምፁ የታፈነበትን፣ ትንሽ ጠንከር ሲሉትም ቶሎ የሚሰባበርበትን አሮጌ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። ከእኔ በፊት በሁለት እጅ አልፏል። የመጀመሪያው ጠጋኝ አዳምጦ «ቫልቮቹ ደክመዋል» ብሎ ሁሉንም ለወጠ። ሁለተኛው አዳምጦ «ስፒከሩ ነው» ብሎ ከፋብሪካ የመጣውን ስፒከር አውልቆ ሌላ አስገባ። ሁለቱም ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ድምፁ ግን እንደታፈነ ነው። ቴስተሬን አውጥቼ በመጀመሪያው ቫልቭ ላይ ሦስት ነጥብ ለካሁ። የሚመጣለት ቮልቴጅ 300 ነው፤ ደኅና። ፕሌቱ ላይ ግን 66 ቮልት፣ ካቶዱ ላይ 0.36 ቮልት አገኘሁ። ካቶዱ የተያያዘው በ1,500 ኦም ሬዚስተር ነውና 0.36ን ለ1,500 ሲያካፍሉ በቫልቩ የሚያልፈው ጅረት 0.24 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በፕሌቱ ሬዚስተር ላይ የጠፋው ቮልቴጅ 300 ሲቀነስ 66፣ ማለትም 234 ነው። 234 ቮልትን ለ0.24 ሚሊ አምፔር ሲያካፍሉ 975,000 ኦም ይወጣል። በላዩ የተጻፈበት ግን 100,000 ኦም ነው! በእርጅና ወደ አሥር እጥፍ ገደማ አድጓል። ከቡና ሲኒ ዋጋ ያነሰች አንዲት ሬዚስተር ለወጥሁ፤ አምፕሊፋየሩም አፉን ከፈተ። የጥንቱ ስፒከር ግን ተሽጧል፤ አይመለስም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ነፍስን ያጠፋው ማን ነው? ቴስተሩ ነው ወይስ ጆሮው? ያልለካ ጠጋኝ ያልተበላሸውን ይለውጣል፤ ያልተበላሸውን የለወጠ ደግሞ ያንን «ነፍስ» የሚሉትን እየቆራረጠ ይሸጣል። ልኬት ጠብቆ የሚያቆይ ነው፤ ከመቶ ዕቃ ዘጠና ዘጠኙን ሳይነኩ አንዷን ብቻ ማውጣት የሚቻለው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ነገር ይገድለኛል ወይ? ባለቤቱንስ ይገድለዋል ወይ?» የሚል ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በዌልስ ስዋንሲ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ የመሬት መስመር ያልተያያዘለት ማይክሮፎን ነክቶ መድረክ ላይ ሞተ። ይህ ተረት አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚገዙት መሣሪያዎች ነፍስ የሚጠብቁት ናቸው፤ ደግነቱ ርካሾቹም እነሱ ናቸው። አንደኛው ክር ያለው ተራ አምፖል ነው፤ 60 ወይም 100 ዋት። ከግድግዳው መብራትና ከአምፕሊፋየሩ መካከል በተከታታይ ይያያዛል። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ኃይሉን ራሱ ላይ ያስቀርና ትራንስፎርመሩን ከመቃጠል ያድነዋል። ደኅና ከሆነ ደግሞ ሲከፈት ለአፍታ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ፊውዝ እየለወጠ «እስቲ እንደገና እንሞክር» ይላል፤ ፊውዝ የሚናገረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። አምፖሉ ግን ጅቡ ገና በር ላይ ሳለ ይጮኻል።

ሁለተኛው የካፓሲተሩን ቮልቴጅ የሚያፈስስ ሬዚስተር ነው፤ 10,000 ኦም፣ 5 ዋት፣ በሁለት በተሸፈኑ መቆንጠጫዎች መካከል። በ450 ቮልት የተሞላ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በዚህ ሬዚስተር በኩል በ5 ሰከንድ ውስጥ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። በዊንዲቨር አናት ሾርት አድርጎ ብልጭታውን እያየ የሚስቅ ጠጋኝ አይቻለሁ፤ ወንድነት መስሎታል። ካፈሰሱም በኋላ ማመን ይቅርና በቴስተር ማረጋገጥ ያሻል።

ሦስተኛው በተለይ ለእኛ አገር ነው፤ የግድግዳውን መብራት ሁልጊዜ የሚያሳይ የቮልት መለኪያ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው አምፕሊፋየር ግን የተሠራው ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከሰኩት ወዲያው ያበቃለታል። ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር ከሰኩትም ነገሩ አላለቀም። ግድግዳው ላይ 240 የመጣ ቀን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው 131 ይሆናል። 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቫልቭ ማሞቂያ ክር ወደ 6.9 ይወጣል፤ እስከ 6.9 ደግሞ የተፈቀደለት ዳርቻ ነው። የአምፕሊፋየሩ የራሱ ትራንስፎርመርም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ በ50 ኸርዝ ላይ ብረቱ 20 በመቶ የበለጠ መግነጢስ ይሸከማል፤ ስለዚህ ከለመደው በላይ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ጆሮ እንዴት አድርጎ ይሰማዋል? የሚሰማው ከወራት በኋላ፣ ቫልቮቹ ያለ ዕድሜያቸው ሲያልቁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ቮልቴጁ መሆን ባለበት ቦታ፣ መሆን ባለበት መጠን አለ ወይ?» ነው። የዚህ መልስ ሰጪ ቴስተር ነው፤ ከጥገናው ሥራ አብዛኛውን የሚሠራውም እሱ ነው። ታዲያ የትኛው ቴስተር? መርካቶ ላይ ከሚደረደሩት መካከል ለመምረጥ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የደኅንነት ደረጃው ምንድን ነው? ፊቱ ላይ 1000 ቮልት ተጽፎበት ሆዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን የብርጭቆ ፊውዝ የያዘ መሣሪያ ቃሉን አይጠብቅም። ቢያንስ ካት 3፣ 600 ቮልት የሚል ደረጃ ያለው፣ ያንንም የሚያረጋግጥ ታማኝ ምልክት የታተመበት ይሁን፤ ገመዶቹም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ሚሊ ቮልት በትክክል ያነባል ወይ? ሦስተኛ፣ የውስጥ ተቃውሞው 10 ሚሊዮን ኦም ነው ወይ?

ሦስተኛው ነገር ቅንጦት ይመስላል፤ አይደለም። በቀስት የሚያሳየውን አሮጌ ቴስተር የሚያመልኩ ወዳጆች አሉኝ፤ «የድሮ ዕቃ ይበልጣል» ይላሉ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቴስተሮች በአንድ ቮልት 20,000 ኦም ናቸው፤ በ50 ቮልት ማርሽ ላይ 1 ሚሊዮን ኦም ማለት ነው። አሁን በ220,000 ኦም በኩል የሚመጣውን የአንድ ኃይል ቫልቭ ግሪድ ቮልቴጅ ለመለካት ሞክሩ። እውነተኛው ቮልቴጅ ከዜሮ በታች 40 ቢሆን ቀስቱ 33 ገደማ ያሳያል። ይባስ ብሎ በምትለኩበት ጊዜ ቫልቩም በእውነት ያንን 33 ነው የሚያገኘው፤ ልጓሙ ላልቶለት ይግላል። መለኪያው የሚለካውን ነገር ለወጠው ማለት ነው። 10 ሚሊዮን ኦም ያለው ዲጂታል ቴስተር ግን 39.1 ያነባል። ይህ የአሮጌና የአዲስ ክርክር አይደለም። የሚጠይቀውን ሳያስደነግጥ የሚጠይቅ መሣሪያ ይሻላል ማለት ነው፤ ጥሩ ጠያቂም እንዲሁ ነው።

ሚሊ ቮልቱ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል? ስድስት ኤል ስድስት ጂሲ የተባለው ኃይል ቫልቭ ፕሌቱ የሚሸከመው ሙቀት 30 ዋት ነው። በተለምዶ ያለ ድምፅ ሲቀመጥ ከዚህ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ21 ዋት እንዳይበልጥ ይደረጋል። በ450 ቮልት 21 ዋት ማለት ወደ 47 ሚሊ አምፔር ነው። በካቶዱ ሥር አንድ ኦም ሬዚስተር ካስገባችሁ 47 ሚሊ አምፔር 47 ሚሊ ቮልት ሆኖ በቴስተሩ ይታያል። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ይህን «በጆሮዬ አስተካክላለሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አምፕሊፋየራችሁን አንሡና ሂዱ። ቫልቭ ሊቀልጥ ሲቃረብም ለጥቂት ጊዜ አምሮ ሊዘፍን ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ምልክቱ የት ጠፋ? የትስ ተጣመመ?» ነው። እዚህ ላይ ኦሲሎስኮፕ ይገባል፤ መሣሪያ ሰብሳቢው ወዳጄም ዓይኑ ይበራል። 200 ሜጋኸርዝ፣ አራት መስመር፣ ባለ ቀለም መስኮት ይላል። ረጋ በል ወንድሜ። የጊታር ዝቅተኛው ክር በ82 ኸርዝ ይርገበገባል፤ ሃያ አራተኛው ፍሬት ላይ የተያዘው ቀጭኑ ክር እንኳ 1,318 ኸርዝ ነው። 20 ሜጋኸርዝ ማለት ሃያ ሚሊዮን ነው! ባለሁለት መስመር፣ 20 ሜጋኸርዝ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ገንዘቡ ከተረፈ ለፕሮቡ ይዋል፤ ምክንያቱም የኃይል ቫልቭ ፕሌት ከሚመጣለት ቮልቴጅ ወደ እጥፍ ሊወዛወዝ ይችላል። ወደ 900 ቮልት ለሚጠጋው ነገር ተራ ፕሮብ አልተሠራም፤ መቶ ጊዜ የሚቀንስ ፕሮብ ያስፈልጋል። ውዱን ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ በርካሽ ፕሮብ ያቃጠለው ሰው የሚቆጨው ይህን ሲያውቅ ነው።

ኦሲሎስኮፕ የሚያሸንፍበት ዋናው ቦታ ግን ሌላ ነው። አምፕሊፋየር አንዳንድ ጊዜ ጆሮ በማይደርስበት ከፍታ፣ በብዙ አሥር ሺህ ኸርዝና ከዚያም በላይ፣ ለራሱ ይጮኻል። ማንም አይሰማውም። የሚሰማው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ቫልቩ ይግላል፣ ድምፁ ይደክማል፣ ኖታው ጫፉ ላይ ይሻክራል። «ነፍሱ ወጥቷል» ይላሉ። ኦሲሎስኮፑ ላይ ግን በማዕበሉ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ወፍራም ጢም ሆኖ በግልጽ ይታያል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ለሐሜት ነው፤ ለእኛም ሥራ ይሆናል።

ለማዕበሉ ምንጭ ውድ ጄኔሬተር አያስፈልግም። በእጅ ስልክ ላይ ያለ ቀላል መተግበሪያ 400 ወይም 1,000 ኸርዝ ንጹሕ ማዕበል ያወጣል፤ በአንዲት ገመድ ወደ ጊታሩ መግቢያ ይገባል። ከዚያ ምልክቱን ከደረጃ ወደ ደረጃ መከታተል ነው፤ ያለበትን የመጨረሻ ነጥብና የጠፋበትን የመጀመሪያ ነጥብ ያገኘ ሰው በሽታውን አግኝቷል።

አራተኛው ጥያቄ «ሲሠራ ይጸናል ወይ?» ነው። የቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ጭነት አይሠራም፤ ስፒከር ሳይያያዝ ቢጮኽ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበሳ ይችላል። ታዲያ 85 ዋት በጎረቤት ላይ መልቀቅ ነውር ስለሆነ በስፒከሩ ፈንታ ትልቅ ሬዚስተር ይቀመጣል። ለትዊን ሪቨርብ 4 ኦም ነው፤ ኃይሉን በሚገባ የሚሸከም፣ ሙቀቱን በሚያስተነፍስ ብረት ላይ የታሰረ። ማዕበሉ መሰበር ሊጀምር ሲል በሬዚስተሩ ላይ 18.4 ቮልት ካለ፣ 18.4ን በራሱ አባዝታችሁ ለ4 ስታካፍሉ 85 ዋት ገደማ ታገኛላችሁ። አምፕሊፋየሩ ቃሉን ጠብቋል ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት ሞቆ ይህንኑ ቁጥር ከሰጠ፣ ባለቤቱ በሰርግ ማታ አያፍርም።

እንግዲህ የማይገዛውንም ልናገር። ቫሪያክ የግድግዳውን ቮልቴጅ ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ከመብራት መስመር የሚለይ ይመስላቸዋል፤ አይለይም። የሚለየው አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ነው። ይህን ሳያውቅ «ቫሪያክ አለኝ» ብሎ ተማምኖ እጁን የሚሰድድ ሰው፣ ቫሪያክ ባይኖረው ይሻለው ነበር። የኦሲሎስኮፕን የመሬት መስመር ቆርጦ «አሁን ነጻ ሆነ» የሚልም አለ፤ ነጻ የወጣው ሞት ነው። የቫልቭ መፈተሻ የሚባለው አሮጌ ሣጥንም የሚያምር ዕቃ ነው፤ ለሰብሳቢ ይሁን። አብዛኛው ቫልቩን የሚፈትነው አምፕሊፋየሩ ከሚሰጠው በጣም ባነሰ ቮልቴጅ ነውና በ450 ቮልት የሚያበራርቀው ቫልቭ እዚያ «ደኅና» ተብሎ ይወጣል። ከሁሉ የሚሻለው የቫልቭ መፈተሻ ራሱ አምፕሊፋየሩና አንድ ደኅንነቱ የታወቀ መለወጫ ቫልቭ ነው።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል። ዝርዝሩን መልሳችሁ ተመልከቱት፦ አንድ አምፖልና መያዣው፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ የግድግዳ ቮልት መለኪያ፣ አንድ ደኅና ቴስተር፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ። ኦሲሎስኮፑ ለነገ ይቆይ፤ አሮጌም ይሁን። ውድ የሆነውስ ያለ ልኬት መጠገን ነው፤ ያልሞቱ ቫልቮችን በዶላር እየገዙ መለወጥ፣ ያልታመመ ስፒከር መሸጥ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ስድስት ወር መጠበቅ። ድሃ ሰው በግምት ለመሥራት አቅም የለውም።

ነገሩ የአንድ ሙያ ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ባላስቸገርሁ። ነገር ግን አምኃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምኃ ሪከርድስን ካቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በሸክላ የታተመው የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመት ዓለምን ሲያስደንቅ አይተናል። ሸክላ እንደገና ይታተማል። የዚያን ዘመን ዓይነት አምፕሊፋየር ግን በአንድ ግምተኛ ጠጋኝ እጅ ከገባ የሚያትመው የለም። ቅርስ ስንል ብራናና ሐውልት ብቻ የሚታየን ለምንድን ነው? የብራና ጸሐፊዎቻችን እንኳ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ይተዉ ነበር። ጠጋኝም የለካውን ቮልቴጅ ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ቢተው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ከእሱ ጋር ይነጋገራል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ጆሮ ግን የሚተወው ወረቀት የለውም፤ «ያኔ ደስ ይል ነበር» ከማለት በቀር።

ጆሮን አልናቅሁም። ጆሮ የመጨረሻው ዳኛ ነው፤ ሥራው ሁሉ ካለቀ፣ ቁጥሩ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ባለቤቱ ጊታሩን ሰክቶ ትዝታን በአንድ ክር ሲጀምር ፍርዱ የእሱ ነው። ዳኛ ግን መርማሪ አይደለም። ማስረጃ ሳይቀርብለት የሚፈርድ ዳኛ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ጊታር ያላችሁ፣ ወይም ጊታሪስት ወዳጅ ያላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አምፕሊፋየራችሁን ከጠጋኙ ስትረከቡ «አሁን ድምፁ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያንን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። «ስትከፍተው የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት አገኘህ? አሁንስ ስንት ነው?» በሉት። ሁለት ቁጥር ከነገራችሁ ክፈሉት፤ ምስጋናም ጨምሩለት። እጁን ወደ ጆሮው ካመለከተ ግን የተለወጠውን ዕቃችሁን ቆጥራችሁ ተቀበሉ።

ቸር ይግጠመን።